ስለ ጨረር መድኃኒትና ስለ ትንሿ ቺፕ የምንሳሳተው

ደብረ ብርሃን ውስጥ እትዬ የምንላቸው ጎረቤት አሉን። ለእንቅርት ምርመራ አዲስ አበባ ሄደው፣ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር ያለው መድኃኒት ተወግተው ምስል ተነሱ። በማግስቱ ቡና እየተፈላ የልጅ ልጃቸው ወደ ጭናቸው ሲሮጥ አንዷ ጎረቤት እጁን ለቀም አድርጋ ያዘችው። «ጨረሩ ይጋባበታል» አለች። እትዬ ምንም አላሉም። ሲኒያቸውን እያዩ ቀሩ። ያ ፊታቸው ነው ይህን ያስጻፈኝ።

«ጨረሩ ከሰውነት አይወጣም፣ ይጋባል።»
ቴክኒሺየም 99ኤም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ24 ሰዓት የሚተርፈው ከ16 አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ በሽንት ይወጣል። በዕለቱ ሕፃን ብዙ እንዳይታቀፍ ሐኪም ሊመክር ይችላል፤ የምታጠባ እናትም አስቀድማ መናገር አለባት። እንደ ጉንፋን ግን አይጋባም። እትዬ የልጅ ልጃቸውን ማቀፍ ይችሉ ነበር።

«መድኃኒት አይደል? አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው።»
አይቀመጥም። ለካንሰር ምርመራ በብዛት የሚሰጠው ኤፍዲጂ፣ ፍሎሪን 18 የሚባል ጨረር ያለው ንጥረ ነገር የተለጠፈበት ስኳር መሰል ነገር ነው። ብዙ ካንሰር ስኳር ስለሚሻማ፣ ስኳሩ የተከማቸበት ቦታ ጨረሩን በሚያነሳው ፔት በሚባል ካሜራ ደምቆ ይታያል። ፍሎሪን 18 ታዲያ በየ110 ደቂቃው በግማሽ ያልቃል። ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እኛ ጋ ሲደርስ ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሲዘጋጅ የሚባክነው ደቂቃም ከዚሁ ይቀነሳል።

«ቺፕ ሲባል የስልክ ቺፕ ነው።»
እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ መድኃኒት ቶሎ ለማዘጋጀት የሚታሰበው ማይክሮፍሉዲክ ቺፕ ግን ፈሳሽ የሚሄድበት ነው። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉት። ቦዩ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፍሎሪኑ የሚለጠፍበት ውድ ኬሚካልም በጠብታ ይበቃል። በፈረንጆቹ 2005 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ኤፍዲጂን በእንዲህ ያለ ቺፕ ላይ ሠሩ። ፍሎሪኑን ማጠራቀም፣ ውኃውን ማድረቅ፣ መለጠፍ፣ ከዚያ የኬሚካሉን መሸፈኛ መግፈፍ፤ ሁሉም እዚያችው ላይ። የወጣው መጠን ለአይጥ ምስል የሚበቃ ነበር።

«ትንሽ ስለሆነ ጨረሩም ትንሽ ነው።»
ይህኛው አደገኛ ስህተት ነው። ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ጨረር ያው ነው፤ ጠብታ ውስጥ ታጨቀ እንጂ አልቀነሰም። ከአንድ ጣሳ ጠላ አንዲት መለኪያ አረቄ እንደምትበረታ አስቡት። ጨረሩን የሚያግደው የእርሳስ ብረት ግድግዳ አይቀርም። የተገኘው ጥቅም ዕቃው ስላነሰ የሚከልለው እርሳስም ማነሱ ነው።

«ቺፑ ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግም።»
ፍሎሪን 18 የሚመረተው ሳይክሎትሮን በሚባል ትልቅ ማሽን ነው። ቺፑ አያመርተውም። ንጽሕናውና ከጀርም ነፃ መሆኑም ከመወጋቱ በፊት መፈተሽ አለበት። ጋሊየም 68 የሚባለው ሌላው ጨረር ያለው የፔት ንጥረ ነገር ግን ሳይክሎትሮን ሳይኖርም፣ ወደ ጋሊየም የሚለወጥ ጀርማኒየም 68 ከያዘች ጄኔሬተር ከምትባል ትንሽ ዕቃ (የመብራቱ አይደለም) ይቀዳል። ጀርማኒየሙ በግማሽ ለመቀነስ 271 ቀን ገደማ ስለሚወስድበት፣ አንዷ ጄኔሬተር ለወራት ታገለግላለች። ጋሊየሙ ራሱ በ68 ደቂቃ በግማሽ ስለሚያልቅ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ቶሎ መዘጋጀት አለበት፤ ቺፑ የሚጠቅመውም እዚህ ጋ ነው። ደብረ ብርሃንን ሳስብ ዓይኔ የሚያርፈው በዚህኛው ላይ ነው።