ባሕር የሌላት ጅማና የባሕር ጠረፍ ሽርክና

ጅማ ተቀምጦ ስለ ባሕር ጠረፍ አያያዝ መጻፍ ትንሽ ያስቃል። ባሕር የለንም። ያለን ባሕር ዛፍ ነው። አገሪቱም ራሷ ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ወደብ አልባ ናት። ግን ነገሩ የጨው ውሃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበት አፍ፣ ፈረንጆቹ ኢስቱዋሪ የሚሉት፣ ከላይ የተለቀቀው ሁሉ ሄዶ የሚያርፍበት ቦታ ነው፦ ደለሉ፣ ማዳበሪያው፣ ፌስታሉ። ብዙ ዓሣ የሚራባውም እዚያው ነው። መሬቱ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ውሃው የሌላ፣ ዓሣው የሦስተኛ ይሆንና ሁሉም ያዝዛል፣ ሁሉም ያሳብባል።

መፍትሔው በቢሮ ቋንቋ «አጋርነት» ይባላል። እኔ ሽርክና ብለው ይሻለኛል። አጋር ስብሰባ ላይ ያጨበጭባል። ሸሪክ ግን ያዋጣል፣ ሲከስርም አብሮ ይከስራል።

በዚህ በኩል የአሜሪካኖቹ አሠራር ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የጠረፍ አያያዝ ሕግ አወጡ። ክፍለ ግዛቶች በፈቃዳቸው ይገባሉ፤ የገባው ገንዘብም ያገኛል፣ የፌዴራሉ ሥራ ከጠረፍ ዕቅዱ ጋር እንዲጣጣም የመጠየቅ መብትም ያገኛል። በዚሁ ሕግ ሥር 30 ያህል የወንዝ አፎች ለምርምርና ለትምህርት ተከልለዋል። ፌዴራል መንግሥቱ መመሪያና አብዛኛውን ማስኬጃ ይሰጣል፤ የየዕለቱን ሥራ የሚሠራው ግን የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የራሱን ድርሻም ያዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ሌላ መርሐ ግብር መጣ፣ አሁን 28 የወንዝ አፎችን ይዟል። እዚያ ከንቲባው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ገበሬውና ተመራማሪው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ዕቅድ ይጽፋሉ። አውሮፓ ውስጥ ዴንማርክ፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ሜዳ የሚሆነውን የዋደን ባሕርን በጋራ ይይዛሉ። ሦስት መንግሥት፣ አንድ ጭቃ።

አሁን ወደ ጭቃችን እንምጣ።

ጅማን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቀው አዌቱ ከከተማው ሲወጣ ቦዬ ረግረግ ይገባል። ከቦዬ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ ወደ ኦሞ፣ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። ቱርካና ከሚገባለት ውሃ ከ80 በመቶ በላዩን የሚያገኘው ከኦሞ ነው፤ አብዛኛው የሐይቁ ክፍል ደግሞ ኬንያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ላቫጆው አዌቱ ዳር መኪና አጥቦ የሚለቀው አረፋ ድንበር ተሻጋሪ ጉዳይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። መንገድ ላይ ደግሞ ግድቦች አሉ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 1 ቅርባችን ነው። የደለል ስጋቱ የሚጀምረው ከኛ ማሳ ነው።

ቦዬን ያየ ሰው ያውቃል። ጉማሬ አለው፣ አናቱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋ ረጅም እግር ወፍም ይወርድበታል። ዳር ዳሩን ግን ጡብ ሠሪው አፈሩን ይቆፍራል፣ ጭሱ ይወጣል። አለፍ ሲል ባሕር ዛፍ ተተክሎ ረግረጉን ይመጥጠዋል። በዓል ሲደርስ ለቡናው የምንጎዘጉዘው ቄጤማም ከእንዲህ ያለው ቦታ ነው የሚታጨደው፣ ማለዳ፣ እግር ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ። ረግረጉ የከተማውን ቆሻሻ አጣርቶ ሲያሳልፍ ደሞዝ አይጠይቅም። ለዚህም ይመስለኛል ማንም በጀት የማይዝለት።

ወረቀቱ የለም አይባልም። የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣናትን የሚያቋቁመው አዋጅ ቁጥር 534/1999 ወጥቷል፣ ኦሞ ጊቤም ከአገሪቱ 12 ተፋሰሶች አንዱ ነው። ተፋሰስ ግን ሰፊ ነው። ከላይ የተቀመጠ ምክር ቤት ቦዬ ዳር ማን ጡብ እንደሚሠራ አያይም።

የሚያየው የመንደር ሰው ነው፤ እሱም እዚሁ አካባቢ ተሞክሯል። ጎረቤታችን ኢሉባቦር ውስጥ ረግረግ የሚያርሱ ገበሬዎች «አባ ለጋ» የሚሉት ሰው አላቸው፣ የወንዝ አባት እንደ ማለት። ቦዩ መቼ ይጠረግ፣ ከብት መቼ አይግባ የሚለውን የሚያስተባብረው እሱ ነው። ጨፌ የሚለው የኦሮምኛ ቃልም ሁለቱንም ይይዛል፦ ለምለሙን ረግረጋማ መስክና የገዳ ጉባኤውን። የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ የተባለው በከንቱ አይደለም።

ጫካ ላይማ ሽርክናው በውል ተጽፏል። እዚሁ ጅማ ዞን ባለው በበለጠ ገራ ደን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የኦሮሚያ መንግሥት በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ እየታገዘ ከነዋሪው ማኅበራት ጋር ተፈራረመ። ነዋሪው ደኑን ይጠብቃል፣ በምላሹ የጫካ ቡናውንና ማሩን የመጠቀም መብቱ ይከበርለታል። ቡናው የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥም በቃ። ያኔ ዛፍ መቁረጥ ከገዛ ኪስ መስረቅ ሆነ።

ረግረጉ ላይ ይሄ ስሌት ይከብዳል፣ አልዋሽም። ቡና ስም አለው፣ ገዢ አለው። ለተጣራ ውሃ ማን ይከፍላል? ከግድቡ መብራት የሚያገኘው? ጡብ ሠሪውስ ጉድጓዱን ሲተው ምን ይብላ? ውል ይጻፍ ከተባለ ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው መጀመር ያለበት፣ ከባነርና ከአበል ሳይሆን።