ዱም የመጀመሪያው አይደለም፦ የፈርስት ፐርሰን ሹተር ጌሞች ጀማሪዎች

ጌም ቤት ቁጭ ብሎ ካውንተር ስትራይክ ለተጫወተ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የራስህን ፊት አታይም። የሚታይህ መሳሪያ የያዘው እጅህና ከፊትህ ያለው ኮሪደር ብቻ ነው። ፈርስት ፐርሰን ሹተር ማለት ይሄው ነው። ማን ጀመረው ሲባል ብዙ ሰው ዱም የተባለውን ጌም ይጠራል። ዱም ሲወጣ ግን ነገሩ 20 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ካሊፎርኒያ ባለው የናሳ ኤምስ ምርምር ማዕከል ስቲቭ ኮሊ፣ ሃዋርድ ፓልመርና ግሬግ ቶምሰን የሚባሉ ወጣቶች ኢምላክ በተባለ ኮምፒውተር ላይ ሜዝ ዋርን ሠሩ። መጀመሪያ ጨዋታው ከተጠላለፉ ኮሪደሮች መውጫ መፈለግ ብቻ ነበር። ይሄ ቶሎ ይሰለቻል። ስለዚህ ሁለት ማሽን በገመድ አገናኙና እርስ በርስ መተኳኮስ ጀመሩ። ባላጋራህ የሚታይህ እንደ አንድ ትልቅ ዓይን ነው፤ እጅ የለው፣ እግር የለው። መዞር የሚቻለውም በ90 ዲግሪ ብቻ። ቶምሰን በኋላ ወደ ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ጌሙንም ይዞት ሄደ፣ እዚያም ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተው ሆነ።

በ1974 ደግሞ ጂም ቦወሪ ፕላቶ በተባለው የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ስፓሲምን አወጣ፤ እስከ 32 ሰው የሚያጫውት የጠፈር መርከብ ውጊያ ነው። የትኛው ቀደመ የሚለው ክርክር አላለቀም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሜዝ ዋር እላለሁ፣ ከጥግ አሾልኮ አይቶ መተኮስ ያለው እዚያ ነዋ።

አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ በ1980 ያወጣው ባትልዞን ታንክ ውስጥ ያስቀምጥሃል። የአሜሪካ ጦር ለማሰልጠኛ የሚሆን እንዲሠራለት ጠየቀ፣ ፈጣሪው ኤድ ሮትበርግም ሳይወድ ሠራው። በ1987 የወጣው ሚዲ ሜዝ ደግሞ ለሙዚቃ መሳሪያ በተሠራው ቀዳዳ በኩል እስከ 16 ኮምፒውተር አገናኝቶ ያዋጋል። እንዲህ ያለ ብልሃት ደስ ይላል።

አሁን ዱምን ወደ ሠራው ኢድ ሶፍትዌር እንምጣ። ጆን ካርማክ፣ ጆን ሮሜሮ፣ ቶም ሆልና አድሪያን ካርማክ በ1991 ኩባንያውን አቋቋሙ (ሁለቱ ካርማኮች ዘመዳሞች አይደሉም)። ችግራቸው የዘመኑ ፒሲ ደካማነት ነበር። የጆን ካርማክ መፍትሄ ኮምፒውተሩን ከማይታየው ነገር ማሳረፍ ነው። በ1992 በወጣው ዎልፈንስታይን 3ዲ ውስጥ ስክሪኑ በቀጫጭን ቋሚ መስመሮች ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጨረር ይላካል፣ ጨረሩ ግድግዳ ሲነካ ርቀቱ ይለካና ግድግዳው በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ይሳላል። በቃ! ዋጋው ግን አለ፤ ግድግዳው ሁሉ ቁመቱ እኩል ነው፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በፊት በሠሩት ካታኮምብ 3ዲ የተጫዋቹን እጅ ስክሪኑ ላይ አሳይተው ስለነበር፣ የሜዝ ዋሩ ዓይን በዚህ ጊዜ እጅ አብቅሏል።

ዱም ዲሴምበር 10፣ 1993 ወጣ። ደረጃ መጣ፣ ጨለማ መጣ፣ አራት ሰው በኔትወርክ መጋደልም መጣ። የመጀመሪያው ክፍል በነፃ ነው የተለቀቀው፤ ከጣመህ ቀሪውን ትገዛለህ። በዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ሊጭኑት ሲሉ የሚጠብቀው ሰው ቦታውን ሁሉ ይዞት ስለነበር ባለቤቶቹ ራሳቸው መግቢያ አጡ። ከዚያ በኋላ የመጡት ተመሳሳይ ጌሞች ለዓመታት የዱም ኮፒ ነበር የሚባሉት። ኢድ ደግሞ ሰው የራሱን ሜዳ ሠርቶ እንዲጨምርበት ፈቀደ፣ ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ይሄ ነው።

በ1996 ሙሉ በሙሉ ሦስት ገጽታ ያለው ኩዌክ ተከተለ። ቫልቭ የተባለ ኩባንያ በኩዌክ ሞተር (ጌሙን በሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) የመጠቀም ፈቃድ ገዝቶ፣ ብዙ ቀይሮ ሃፍ ላይፍን በ1998 አወጣ። በዓመቱ ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍን ነካክተው ሌላ ጌም አወጡለት። ስሙን ካውንተር ስትራይክ አሉት።