«ባንክ ያለ ፍርድ ቤት ቤቴን አይሸጥም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ቡና በተፈላበት ሁሉ ባንክ ይወገዛል። መጋዘኑ ተዘርፎ ብድሩ ሳይዘረፍ የቀረለት ነጋዴ ቢናደድ አይፈረድበትም። የሚያሰለቸው በንዴቱ ላይ የሚደረበው ወሬ ነው፤ ቤት የሚያሳጣውም እሱ ነው።

«ቅርንጫፉ ሲዘረፍ ያስቀመጥነው ብር አብሮ ሄደ።» አልሄደም። የእርስዎ ሒሳብ የተመዘገበው አዲስ አበባ ባለው ዋና ሲስተም ላይ ነው። ከካዝናው የተወሰደው ጥሬ ብር የባንኩ ኪሳራ ነው።

«ባንክ ቢከስር አስቀማጩ ባዶ እጁን ይቀራል።» የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ሲቋቋም ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ሽፋን ሰጥቷል።

«አሜሪካ እኮ በ2008 ቀውስ ባለባንኮቹን አስራለች።» ይህንን ማን እንደጀመረው እንጃ። በእነሱ አቆጣጠር በ2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ ባንክ ሲወድቅ ኮንግረሱ ለፋይናንሱ ዘርፍ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። በመንግሥት ገንዘብ የተረፈው የመድን ኩባንያ ኤአይጂ በ2009 ለሠራተኞቹ 165 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ሲከፍል ነው ሕዝቡ የገነፈለው። ከዎል ስትሪት፣ ከአሜሪካ የፋይናንስ መንደር፣ ታሰረ ተብሎ የሚጠቀሰው አንድ ሰው ነው፤ የክሬዲት ስዊስ ባንኩ ካሪም ሰራገልዲን፣ 30 ወር ተፈረደበት። የትልልቅ ባንክ ኃላፊዎችን ያሰረችው አይስላንድ ናት።

አሁን ወደ ዋናው። «ፍርድ ቤት ሳይወስን ቤቴን አይነኩም» የሚል ተበዳሪ አሁንም አለ፤ የተማረውም ጭምር። ይነኩታል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 በመያዣ ውሉ ላይ ስምምነቱ እስካለ ድረስ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ያቺ አንቀጽ የሌለችበት የባንክ ውል ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሐራጁ የሚመራው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ ባንኩ ሥርዓቱን ከጣሰ ለጉዳቱ ካሳ ይጠየቃል። ካሳ ግን ከሽያጭ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ቤቱን አያስመልስም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ሲመጣ «አልፈርምም» ብሎ መመለስም እንደ ብልሃት ይወራል። የ30 ቀኑን ቆጠራ አያቆምም። ተቀብለው ፖስታው ላይ የደረሰበትን ቀን ይጻፉ፤ በኋላ የሚያከራክረው እሱ ነው።

ብድር ክፍያው 90 ቀን ሲያልፈው የተበላሸ ተብሎ ይመደባል፤ ባንኩም ለኪሳራ የሚይዘው መጠባበቂያ ከፍ ይላል። ስለዚህ የብድሩ መክፈያ ጊዜ ይሸጋሸግልኝ የሚለው ማመልከቻ ክፍያው በዘገየ በሁለተኛው ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከሦስተኛው ወር ማለቂያ በፊት ይግባ። የንግድ ፈቃድ፣ የ6 ወር የሽያጭ መዝገብ፣ ዝርፊያ ከነበረ የፖሊስ ማስረጃ ይያያዝ። ሁለት ኮፒ አዘጋጅተው አንዱን የገቢ ማህተም አስመትተው ያስቀሩ። ሥራ አስኪያጁ በቃል «አይዞህ» ቢልዎት ነገ ይዛወራል።

«ቤቱ ከተሸጠ ሁሉንም ባንኩ ይወስደዋል» የሚሉም አሉ። ዕዳው 1,200,000 ብር ሆኖ ቤቱ በ1,500,000 ቢሸጥ፣ ከ300,000ው የሐራጅ ወጪ ተነስቶ ቀሪው የባለቤቱ ነው። በ900,000 ቢሸጥ ግን 300,000ው አሁንም ዕዳ ነው፤ ያኔ ባንኩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። «ብድሩ የወንድሜ ነው፣ ቤቱ የኔ» ማለትም አያድንም፤ መያዣውን የፈረሙት እርስዎ ነዎት።

አንድ የእኛው አገር ጣጣ ደግሞ አለ። ወሎ ላይ የጎረቤትን ቤት በሐራጅ መግዛት ነውር ነው፤ ሰው «እንዴት ብዬ ዓይኑን አያለሁ» ይላል። ለተበዳሪው ያዘነ ይመስላል። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ተጫራች ሲጠፋ ዋጋ አይወጣም፣ በሁለተኛውም ሐራጅ ገዢ ካልመጣ ባንኩ በመጀመሪያው መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል። የሚሻለው ማስታወቂያ ሳይለጠፍ ባለቤቱ ራሱ ገዢ ይዞ ባንኩ ዘንድ መቅረብ ነው። ገዢው ብሩን በእጅ ሳይሰጥ በቀጥታ ወደ ብድር ሒሳቡ ያስገባል፤ ባንኩ የዕዳ መዝጊያ ደብዳቤ ለማዘጋጃ ቤት ይጽፋል፤ ስም የሚዛወረውም መያዣው ከተሰረዘ በኋላ ነው።