መዋጀት፣ መቤዠት፣ ማስለቀቅ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ «መሬቴን ላስለቅቅ ነው» የሚል ገበሬና ቤተ ክርስቲያን «ቤዛ ኩሉ» (የሁሉ ቤዛ) የሚል ዘማሪ ሥረ ነገሩ አንድ ነው፦ በሌላ እጅ የገባውን ዋጋ ከፍሎ መመለስ።

በኦሪት ዘሌዋውያን 25 የደኸየ ሰው ርስቱን ቢሸጥ የቅርብ ዘመዱ ይቤዠዋል። በኦሪት ዘጸአት 13 የአህያ በኵር በጠቦት ይዋጃል። እዚህ ላይ ቤዛ ማለት ምትክ ነው። «ዘመኑን ዋጁ» ሲባል ግን የሚከፈል ብር የለም፤ ጊዜውን አታባክኑ፣ ተጠቀሙበት ማለት ነው። ዛሬ ለታገተ ሰው የሚጠየቀውን ገንዘብ «ቤዛ» ከማለት «ማስለቀቂያ» ማለቱ ይሻላል፤ ቤዛ ክብር ያለው ቃል ነው።

በመሬት ማስለቀቅ የሚያጣላው ወለድ አገድ፣ ማለትም በብድሩ ወለድ ፈንታ መሬትን ለአበዳሪው ማስያዝ ነው። መንዝ ላይ አንዱ 20,000 ብር ተበድሮ ማሳውን ሰጠ እንበል። አበዳሪው ገብሱንና ባቄላውን የሚያነሣው በወለዱ ፈንታ ነው። ስለዚህ አምስት ምርት ቢሰበስብም ዋናው ያው 20,000 ነው። ተበዳሪው «እስካሁን በልተህ ጨርሰኸዋል» የሚለው ይህን ስላልተረዳ ነው። ምርቱ ከዋናው እንዲቀነስ ከተፈለገ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። የመመለሻው ጊዜም ይጻፍ፤ ከአጨዳ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ የተዘራ ማሳ ማስለቀቅ ሌላ ጠብ ነው። ብሩ ሲመለስ ምስክር ፊት ይቆጠር፣ የድሮው ወረቀትም ይቀደድ።

አበዳሪው «ገዝቼዋለሁ» ቢልስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም።