አሮጌ ትንሽ መኪና ለበጎ አድራጎት መስጠት፦ የአሜሪካው አሠራር

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መኪናን ለበጎ አድራጎት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያው፣ የእንስሳት መጠለያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጉድዊልን የመሰለው ትልቅ ድርጅት፣ ሁሉም «መኪናዎን ይስጡን» ይላሉ። ለዚህ በተለይ የምትታጨው ትንሿ የከተማ መኪና ናት። ቶዮታ ያሪስንና ሆንዳ ፊትን እንውሰድ፤ ሁለቱም አሜሪካ ገበያ የገቡት በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ የወጡትም በ2020 ነው። ካምቢዮዋ የተበላሸ የ2008 ያሪስ ማሠሪያዋ ከዋጋዋ ይበልጣል። ነጋዴው የሚሰጣት ዋጋ አንጀት አያርስም፣ በግል ለመሸጥ ደግሞ ከማያውቁት ሰው ጋር ሳምንት ሙሉ መነታረክ አለ።

አዲስ አበባ ላይ ይህች መኪና ቪትዝ ናት፤ አረጀች ተብላ በነጻ ትሰጣለች ቢባል ሰው ይስቃል። ታዲያ ለምን ወደ አገር ቤት አትላክም? ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እጅግ አስወድዶ ነበር።

የተሰጠችው መኪና አንድ ችግረኛ ቤተሰብ በር ላይ ትቆማለች ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አትቆምም። ድርጅቱ መኪናዋን በዓይኑ ላያያትም ይችላል። ስልኩን የሚያነሳው፣ ጎታች መኪና የሚልከው፣ ወረቀቱን የሚጨርሰው መሃል ላይ የገባ አገናኝ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ደላላ ብንለው አይበዛበትም። መኪናዋ ወደ ጨረታ ትሄዳለች። ሞተሯ ደህና ከሆነ አንዱ ነጋዴ ይገዛታል፤ ካልሆነም ለመለዋወጫ ትፈታለች ወይም በኪሎ ተመዝና ቁራሌው ዘንድ እንደሚደርስ ብረት ትሸጣለች። ከሽያጩ የመጎተቻው፣ የጨረታውና የአገናኙ ድርሻ ይነሳል፤ የተረፈው ለድርጅቱ ይገባል። ስለዚህ ሰጪው መጠየቅ ያለበት «ከመቶው ስንቱ ይደርሳችኋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ነውር የለውም።

ለድርጅቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው የሚለው ቅሬታ ኮንግረስ ድረስ ደርሶ ነበር። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2000 የግብር ዓመት 733,000 ያህል ግብር ከፋዮች መኪና ሰጠን ብለው በድምሩ 654 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ግብር እንደተቀነሰላቸው ገምቷል። መርማሪዎቹ 54 መኪኖችን አንድ በአንድ ሲከታተሉ፣ በሁለት ሦስተኛው ላይ ለድርጅቱ የደረሰው ሰጪው «ዋጋዋ ይህ ነው» ካለው 5 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰው ያገለገሉ መኪኖችን የዋጋ መጽሐፍ ገልጦ ትልቁን ቁጥር ይጽፋል፣ መኪናዋ ግን በብረት ዋጋ ትሸጣለች።

በ2004 የወጣው ሕግ ይህን ዘጋው። ከ2005 ጀምሮ መኪናዋ ከ500 ዶላር በላይ ከተሸጠች ከገቢ ላይ የሚቀነሰው በትክክል የተሸጠችበት ዋጋ ብቻ ነው። መጽሐፉ 2,500 ይበል፣ ጨረታው 700 ካወጣ 700 ነው። 500 ወይም ከዚያ በታች ከወጣች ደግሞ እስከ 500 ድረስ፣ ከትክክለኛ የገበያ ዋጋዋ ሳያልፍ ማስቀነስ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ 700 ዶላር ይቀነሳል ማለት 700 ዶላር እጅ ይገባል ማለት አይደለም። 22 በመቶ ለሚከፍል ሰው ትርፉ ቢበዛ 154 ዶላር ነው። እሱም ቢሆን ወጪውን በዝርዝር ለሚያቀርብ ብቻ። በ2018 ለሁሉም የሚሰጠው መደበኛ ቅናሽ ለነጠላ ከ6,350 ወደ 12,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት ወደ 24,000 ስላደገ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ዝርዝሩን ትተውታል። አፓርትመንት ተከራይተው ለሚኖሩ ባልና ሚስት የግብሩ ጥቅም ብዙውን ጊዜ ዜሮ ነው። አንዳንድ ማስታወቂያ ይህን ይዘላል።

ለየት ያለ መንገድም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ በ1999 የተመሠረተው ቬሂክልስ ፎር ቼንጅ የተሰጡትን መኪኖች እየጠገነ፣ ሥራ ለመድረስ መኪና ላጡ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በትንሽ ዋጋ ያስተላልፋል፤ ከእስር ለወጡ ሰዎችም የመካኒክነት ሙያ ያስተምራል። ነዳጅ የማትፈጅ ትንሽ መኪና እውነተኛ ጥቅሟ የሚታየው እዚህ ነው። ድርጅቱ መኪናዋን ለችግረኛ ከገበያ ዋጋ እጅግ አሳንሶ ከሰጠ፣ ራሱ ለሥራው ከተገለገለባት ወይም ዋጋዋን የሚያሳድግ ትልቅ ጥገና ካደረገላት ሰጪው ሙሉ የገበያ ዋጋዋን ማስቀነስ ይችላል። ቀለም መቀባት፣ ጭረት ማጥፋትና ወንበር ማጠብ እንደ ትልቅ ጥገና አይቆጠሩም።

ተቀባዩ በአሜሪካ ሕግ የታወቀ መሆን አለበት። አሜሪካ ያለ የእኛ ቤተ ክርስቲያን መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ በአይ አር ኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ዝርዝር ላይ ባይገኝም ብቁ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ድርጅት በቀጥታ የተሰጠ ግን ምንም ያህል ጽድቅ ቢኖረው ከግብር አያስቀንስም።

ወረቀቱ ላይ መሳነፍ ያስቀጣል። በታይትሉ፣ ማለትም በሊብሬው፣ ላይ የተቀባዩ ስም ሳይሞላ ፈርሞ መስጠት ትልቅ ስህተት ነው፤ መኪናዋ በእርስዎ ስም እየተነዳች የመንገድና የፓርኪንግ ቅጣት ታመጣለች። ፔንሲልቬንያ፣ ኦሃዮና ኖርዝ ካሮላይና ፊርማው በኖተሪ (ፊርማ በሚያረጋግጥ ባለሥልጣን) ፊት እንዲሆን ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ኢንሹራንስ ከመሰረዝ በፊት ታርጋው መመለስ አለበት፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ይቀጣል።

ጎታቹ ከመምጣቱ በፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ኢዚ ፓስ (የመንገድ ክፍያ የምትቆርጠውን መሣሪያ) መንቀል አይረሳ። የመኪናዋ ኪስ ውስጥ አድራሻ ያለበት የኢንሹራንስ ካርድ፣ ወንበሩ ሥር የወደቀ መቁጠሪያም አይጠፋም። ሹፌሩ ቁልፉን ተቀብሎ ጊዜያዊ ደረሰኝ ቆርጦ ይሄዳል። መኪናዋ ከ500 ዶላር በላይ ካወጣች ለግብር የሚያገለግለው ፎርም 1098-ሲ ከተሸጠች በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይመጣል፤ የወጣችበት ትክክለኛ ዋጋም እዚያ ላይ ይነበባል።