የሙዝ ዓይነቶች በምን ይለያሉ?

በዓለም ትልቁ የሙዝ ስብስብ ያለው ሙዝ በማይበቅልበት አገር፣ ቤልጂየም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሌቨን ከተማ የተቋቋመው ይህ ማዕከል ከ1,500 በላይ ናሙናዎችን ይዟል። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። በአካባቢው የሙዝ ማሳ ስለሌለ የሙዝ በሽታ የሚዛመትበት መንገድ የለም።

የምንበላው ሙዝ በአብዛኛው ዘር የለውም። ገበሬው የሚያባዛው ከእናቱ ሥር የሚወጣውን ልጅ ነቅሎ በመትከል ነው። ስለዚህ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ስንዴ ዘሩን አድርቆ ማስቀመጥ አይቻልም። ሌቨን ውስጥ ትንንሽ ችግኞች በብልቃጥ ሆነው በ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣሉ፤ ቅዝቃዜው እድገታቸውን ያዘገየዋል። ከዚህ ሌላ የቡቃያ ጫፎች በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቆያሉ።

ችግሩ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ችግኝ ሁሉ አንድ መምሰሉ ነው። ከሌላው የሚለየው የተለጠፈበት ስም ብቻ ነው። ስሙ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ተክሉም በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም በብልቃጥ እርባታ፣ ብዙ ዓመት ሲቆይ አንዳንዴ ባሕርዩን ይለውጣል፤ ረጅም የነበረው አጭር ሆኖ ብቅ ይላል። ስለዚህ ናሙናው በየጊዜው ሙዝ ወደሚበቅልባቸው አገሮች ይላካል። እዚያ ማሳ ላይ ተተክሎ፣ ዘለላ እስኪያወጣ ተጠብቆ፣ የተባለው ዓይነት መሆኑ ይረጋገጣል።

ስም ብቻውን የማይታመንበት ሌላም ምክንያት አለ። ፒሳንግ አዋክ የሚባለውን ሙዝ እንውሰድ። ታይላንድ ውስጥ ክሉዋይ ናምዋ ነው። ኡጋንዳ ሲደርስ ካይንጃ፣ አውስትራሊያ ሲደርስ ዱካሴ ይባላል። ስብስቡን የሚያስተዳድረው ሰው በደንብ ካላጣራ አንዱን ተክል ሦስት ጊዜ ይመዘግባል፣ ሦስት ጊዜም ይንከባከባል። ያ ወጪ በእኔ እምነት ገና ያልተሰበሰበ ዓይነት መታደግ ነበረበት።

ሳይንሱ ራሱም መንገዱን ለማግኘት ጊዜ ወስዶበታል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሙሳ ፓራዲሲያካ፣ በ1759 ደግሞ ሙሳ ሳፒየንተም የሚሉ ስሞችን አወጣ። ሁለቱን እንደ ተፈጥሯዊ ዝርያ ነበር የቆጠራቸው። ኋላ ሲታይ ግን ሁለቱም ድቅል ሆነው ተገኙ። የዕፅዋት ተመራማሪው ኧርነስት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ትሪኒዳድ ውስጥ ነገሩን መልክ ማስያዝ ጀመረ። እንሰትንም ከሙዝ ለይቶ በራሱ ወገን ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ሐሳቡ ከእሱ በፊት ቀርቦ ተረስቶ ነበር። የክሮሞዞም ቁጥራቸውም ይህን ይደግፋል። የእንሰት መሠረታዊ ቁጥር 9 ሲሆን የሙዝ 11 ነው።

ትልቁ እርምጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ተመራማሪዎቹ ኖርማን ሲሞንድስና ኬኔት ሼፐርድ፣ የምንበላቸው ሙዞች በአብዛኛው ከሁለት የዱር ዝርያዎች፣ ከሙሳ አኩሚናታ እና ከሙሳ ባልቢሲያና እንደመጡ አሳዩ። የመጀመሪያውን ኤ፣ ሁለተኛውን ቢ አሏቸው። ፊደሎቹ ተክሉ ከየትኛው ዝርያ ስንት የክሮሞዞም ስብስብ እንደወረሰ ያሳያሉ፤ ኤኤቢ ማለት ሁለት ከአኩሚናታ፣ አንድ ከባልቢሲያና ነው። ከዚያ 15 ምልክቶችን መረጡ። ተክሉ በአንዱ ምልክት አኩሚናታን ፍጹም ከመሰለ 1፣ ባልቢሲያናን ከመሰለ 5 ነጥብ ያገኛል። ድምሩ ከ15 እስከ 75 ይሆናል። ከ15 እስከ 23 ያለው ኤ ብቻ ነው። ከ24 እስከ 46 ያለው ኤኤቢ፣ ከ59 እስከ 63 ያለው ደግሞ ኤቢቢ ይባላል። ከእጅና ከዓይን ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። እኔ ይህን ዘዴ በጣም አደንቃለሁ፤ ቢላዋ የያዘ ማንኛውም ሰው ማሳ ውስጥ ሊሠራበት ይችላል።

እስቲ ሁለቱን ምልክቶች ጠጋ ብለን እንያቸው። ቅጠሉን ከግንዱ የሚያገናኘው ዘንግ በአግድም ሲቆረጥ መሐሉ ላይ ቦይ ይታያል። የአኩሚናታ ቦይ አፉ የተከፈተ ነው። የባልቢሲያና ግን ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ገብተው ቦዩን ይዘጉታል። ሌላው ምልክት ከዘለላው በታች የሚንጠለጠለው እምቡጥ ነው። የአኩሚናታ ሽፋን ሲከፈት ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ የውስጡ ቀለምም ወደ ሥሩ እየደበዘዘ ቢጫ ይሆናል። የባልቢሲያና ሽፋን ይነሳል እንጂ አይጠቀለልም፤ ውስጡም ከጫፍ እስከ ሥሩ ደማቅ ቀይ ነው።

ይህ ዘዴ ወደ ትክክለኛው ቡድን ያደርሳል እንጂ ዓይነቱን አይነግርም። ሱቅ የምንገዛው ካቨንዲሽም፣ ኡጋንዳ ውስጥ ተቀቅሎ የሚበላው ማቶኬም ኤኤኤ ናቸው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ከ100 በላይ መለያዎችን የያዘ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት። ኡጋንዳ ውስጥ ተመራማሪዋ ደቦራ ካራሙራ የምሥራቅ አፍሪካን የደጋ ሙዞች በአምስት ክፍል መድባቸዋለች፦ ንፉካ፣ ናኪቴምቤ፣ ናካቡሉሉ፣ ሙሳካላ እና ምቢዴ። ምቢዴ መራራ ነው፤ ለቢራ ይጠመቃል እንጂ አይቀቀልም። እነዚህ ሙዞች በዘረመል እጅግ ስለሚቀራረቡ ላቦራቶሪ ሊለያቸው ይቸገራል። ገበሬዎቹ ግን ይለዩዋቸዋል።

የላቦራቶሪው ድርሻ ሌላ ጋ ነው። ቼክ ሪፐብሊክ፣ ኦሎሙች ያለው ማዕከል ለዓለም ስብስቦች የዲኤንኤ ምርመራ ያደርጋል፤ ተክሉ ስንት የክሮሞዞም ስብስብ እንደያዘም ይለካል። የአኩሚናታ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከታተመ ወዲህ ዝምድናን መከታተል ቀሏል። አጭሩ ካቨንዲሽና ሌላው የካቨንዲሽ ዓይነት ግራንድ ኔን ግን ዋና ልዩነታቸው ቁመት ስለሆነ አሁንም ሜትር ይዞ መቆም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለኢትዮጵያ ገበሬም ይጠቅማል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 በአገራችን እንሰት ላይ፣ በ1974 ደግሞ ሙዝ ላይ ተመዘገበ፤ በ2001 ኡጋንዳ ገባ። እዚያ ክፉኛ የተመታው ፒሳንግ አዋክ ነው። የእምቡጡ ሽፋን ሲረግፍ የሚተወው ጠባሳ ለበሽታው መግቢያ ይሆናል፤ ተሸካሚዎቹ አበባውን የሚጎበኙ ነፍሳት ናቸው። በዚህ ምክንያት ገበሬዎች የመጨረሻው የፍሬ እጅ እንደወጣ እምቡጡን በባላ እንጨት እንዲቀነጥሱ ይመከራሉ።

ምክሩ ትክክል ነው። ሆኖም ከ15ቱ ምልክቶች አብዛኞቹ ያሉት እዚያው እምቡጥ ላይ ነው። የማያውቀውን ሙዝ ማስለየት የሚፈልግ ሰው እምቡጡን ከመቀንጠሱ በፊት አንድ ሽፋን ገልጦ ውስጡንም ውጪውንም ፎቶ ያንሳ። ከላይ ሦስተኛውን ቅጠል ዘንጉ ላይ ቆርጦ ቦዩን ያሳይ። ዘለላው ሙሉ ሆኖ ከአንገቱ ጋር ይነሳ፤ የተተከለበት ቦታና ገበሬው የሚጠራበት ስምም አብሮ ይጻፍ።