ሬር ኧርዝ ምንድን ነው? ሊቲየምና ታንታለም ለምን አይካተቱም?

ስለ ማዕድን በተወራ ቁጥር ሊቲየም፣ ኮባልትና ታንታለም «ሬር ኧርዝ» እየተባሉ ሲጠሩ ይታያል። በቅርቡም አንድ አስተያየት ሰጪ የጉጂ ዞኑን የቀንጢቻ ታንታለምና ሊቲየም ጠቅሶ፣ ኢትዮጵያ የሬር ኧርዝ ባለጸጋ ናት ሲል በሙሉ እርግጠኝነት ጽፏል። ሁለቱም ተፈላጊ ማዕድናት መሆናቸው አያጠያይቅም፤ ሬር ኧርዝ ግን አይደሉም። ስሙ የሚመለከተው 17 ንጥረ ነገሮችን ብቻ ነው፤ እነሱም 15ቱ ላንታናይዶች (ከላንታነም እስከ ሉቴቲየም ያሉት)፣ ስካንዲየምና ኢትሪየም ናቸው።

ኒዮዲሚየም ከብረትና ከቦሮን ጋር ተዋህዶ በስልክ ድምፅ ማጉያና በብዙ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሮች ውስጥ ያለውን ብርቱ ማግኔት ይሠራል (ሁሉም የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን ማግኔት አይጠቀሙም)። ዲስፕሮሲየም ማግኔቱ በሙቀት እንዳይዳከም ያደርጋል፤ ኤርቢየም ደግሞ በባሕር ሥር በተዘረጋው የኢንተርኔት ገመድ ውስጥ የሚጓዘውን ብርሃን ያጎላል።

ከስሙ መምታታት ይልቅ የሚጎዳው «ድንጋዩ ካለን ሀብቱ አለን» የሚለው እምነት ነው። ንጥረ ነገሮቹ ራሳቸው ያን ያህል ብርቅ አይደሉም፤ ከነሱ አንዱ የሆነው ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ በመጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባል፤ ከቡድኑ ጥቂት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቱሊየም እንኳ ከብር ይበልጣል። ጨረር አመንጪው ፕሮሜቲየም ግን በተፈጥሮ የለም ማለት ይቻላል። ከባዱ ሥራ አንዱን ከሌላው መለየቱ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ፣ በአዮኖቻቸው (ሙል በያዙት አቶሞቻቸው) መጠንም የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። ሰርገኛ ጤፍን በወንፊት ነጭና ቀይ አድርጎ ለመለየት እንደ መሞከር ነው። ነጩን በትንሹ አብልጦ የሚያሳልፍ ወንፊት ቢገኝ እንኳ፣ ያለፈውንም የቀረውንም እየመለሱ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ መንፋት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ቀለሙ ሁለት ሳይሆን ከአሥር በላይ ነው። ፋብሪካዎቹ በአሲድና በኦርጋኒክ አሟሚ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሴሪየምና ዩሮፒየም ሙላቸውን መለወጥ ስለሚችሉ፣ ውሃ ሲነካው እንደሚያብጥ ፍሬ ቀድመው ይለያሉ፤ ሌሎቹ ግን እንዲህ አይገሩም።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ካለው ማውንቴን ፓስ ከተባለው የሬር ኧርዝ ማውጫ የሚወጣው ማዕድን፣ እንዲጣራ ለዓመታት ወደ ቻይና ይላክ የነበረው አሜሪካ ውስጥ ድንጋይ ጠፍቶ አልነበረም። ቻይና በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) ከ17ቱ በሰባቱ ላይ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ስትጥል፣ ማግኔት ያጠራቸው አንዳንድ መኪና አምራቾች ምርታቸውን ለጊዜው አቁመዋል። ስለዚህ አዲስ ክምችት ተገኘ ሲባል፣ በአቶም ክብደታቸው ቀላሎቹ ወይስ ከባዶቹ ንጥረ ነገሮች እንደሚበዙበት፣ ማን እንደሚለያቸውና እንደ ሞናዛይት ባሉ ማዕድናት ውስጥ አብሮ የሚወጣው ጨረር አመንጪ ቶሪየም የት እንደሚከማች አብሮ መነገር አለበት።